የአንዲት ፊርማ ዋጋ፤ ስለ ጎልፍ ተጫዋቹ ስለ ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ

የሰው ጠባይ በድሉ ቀን ተሸፍኖ ይውላል፤ በተሸነፈበት ቀን ግን ይገለጣል። ያሸነፈ ሰው ደግና ትሑት መስሎ መታየት አይቸግረውም፤ ሰዉ ኹሉ ያመሰግነዋልና። ነገር ግን በጕልበቱና በብልኀቱ ከበረቱት ጋራ እኩል ከደረሰ በኋላ በአንዲት ጥቃቅን ስሕተት ዕድሉን የተነጠቀ ሰው ቍጣውን ውጦ ለሕግ ሲገዛ ያየን እንደ ኾነ፣ ይህ ሰው በእውነት ጨዋ ነው ብለን እንመሰክርለታለን። አባቶቻችንም ይህን ዐውቀው «በገና ጨዋታ አይቈጡም ጌታ» ብለው አስተማሩን። በገና ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ በአንዲት ሩር ሲጋፉ የሎሌው ዱላ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው እንኳ ጌታው እንዳይቈጣ ልማድ ያስገድደዋልና።

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ የምንተርከው ይህን ምሳሌ ሳይሰማ የፈጸመውን የአንድ የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ነው። ሰውዬው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ ይባላል፤ አገሩ አርጀንቲና፣ መተዳደሪያውም የጎልፍ ጨዋታ ነበር። በዕድሜው ዘመን ከ230 በላይ ውድድር አሸንፏል። ኾኖም ስሙ በዓለም ላይ ይበልጥ የታወቀው ባሸነፋቸው በእነዚህ ኹሉ ሳይኾን ባጣው በአንድ ውድድር ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ በእኛ አቈጣጠር የጻፍን እንደ ኾነ ለይተን እንናገራለን።

የጨዋታው ሥርዐት

ከዋጃ እስከ ቆቦ ባለው ሜዳ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ከተነሣ በኋላ፣ በገና ሰሞን እረኞችና ጐበዛዝት ጫፉ የቈለመመ ዱላ ይዘው ሩር ሲያሳድዱ ያየ ሰው የጎልፍን ነገር ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። በጎልፍም ጫፉ የታጠፈ ዱላና ትንሽ ኳስ አለ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በገና ሰው በኹለት ወገን ተከፍሎ አንዲቱን ሩር ይሻማባታል፤ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ ብቻ ይመታል፤ የሌላውን ኳስ አይነካም፤ ሌላውንም አይጋፋም።

ሜዳው ሣር የለበሰ ሰፊ ቦታ ሲኾን በየርቀቱ 18 ትንንሽ ጕድጓዶች ተቈፍረውበታል። ተጫዋቹ ከተወሰነው መነሻ ቆሞ ኳሱን ይመታል፤ ከወደቀችበት ተከትሎ ሔዶ እንደ ገና ይመታታል፤ እንዲህ እያደረገ ወደ ጕድጓዱ ያስገባታል። ለእያንዳንዱ ጕድጓድ እንደ ርዝመቱ የተመደበ የምት ቍጥር አለ፤ ለአንዱ ሦስት፣ ለአንዱ አራት፣ ለአንዱ አምስት ነው። 18ቱን ጨርሶ ለመውጣት ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መራመድ ያስፈልጋል። በታላላቁ ውድድር ጨዋታው አራት ቀን ይፈጃል፤ የአራቱም ቀን ምት ተደምሮ ከኹሉ ያነሰ ቍጥር ያለው ሰው አሸናፊ ይኾናል። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ የሚከብረው ብዙ የመታ ሳይኾን ጥቂት መትቶ ግቡን ያገኘ ነው።

ጨዋታው የታወቀው በስኮትላንድ አገር ነው። በ1457 ዓ.ም. የስኮትላንድ ሸንጎ ጐልማሶች ቀስት መለማመድን ትተው በጎልፍ ይጠመዳሉ ብሎ በዐዋጅ ከልክሎት ነበር። ዐዋጁ ግን ጨዋታውን አላጠፋውም። በ1744 ዓ.ም. በሊት ከተማ የነበሩ ተጫዋቾች 13 አንቀጽ ያለውን የመጀመሪያውን የጨዋታ ሕግ ጻፉለት። ከዚያ ወዲህ ሕጉ እየሰፋና እየጠበቀ ሔደ።

ለታሪካችን የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ግን የዳኝነቱ ነገር ነው። በእግር ኳስ ጨዋታ ዳኛው ፉጨት ይዞ ከተጫዋቾቹ ጋራ ይሮጣል፤ ያጠፋውንም ይቀጣል። በጎልፍ ሜዳው ሰፊ፣ ተጫዋቹም የተበተነ ስለ ኾነ ለእያንዳንዱ ሰው ዳኛ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ተጫዋቹ በራሱ ላይ ዳኛ ነው። አብሮት የሚጫወተው ሰው የምቱን ቍጥር በየጕድጓዱ አንጻር በወረቀት ላይ ይጽፍለታል። ጨዋታው ሲያልቅ የምቱ ባለቤት ወረቀቱን ተቀብሎ፣ እያንዳንዱን ቍጥር መርምሮ፣ ልክ ነው ሲል ይፈርምበታል። ፈርሞ ካስረከበና ከስፍራው ከተነሣ በኋላ ያ ወረቀት እማኝ ፊት እንደ ተፈረመ ውል ይቈጠራል።

ከዱላ ተሸካሚነት እስከ ታላቅነት

ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ በ1923 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከቦነስ አይረስ ከተማ በስተ ሰሜን ባለችው በቪያ ባዬስተር ተወለደ። የጎልፍን ጨዋታ የተማረው በገንዘብ አስተማሪ ተቀጥሮለት አይደለም። በልጅነቱ የባለጸጎቹን የጎልፍ ዱላ ተሸክሞ እየተከተለ፣ አመታታቸውን እያየ፣ እነርሱ ሲሔዱለት ራሱ እየሞከረ ነው። በዚያ ሥራ ላይ ያለ ልጅ ብዙ ነገር ይማራል፤ ነፋሱን መመልከት፣ ርቀቱን በዓይን መለካት፣ ከኹሉም በላይ ዝም ብሎ መታገሥን ያውቃል። በኋላም ራኔላግ በምትባለው መንደር ባለው የጎልፍ ማኅበር ሜዳ ጥበቡን አሰፋ፤ ኑሮውንም በዚያው አደረገ።

ገና በዐሥራ አምስት ዓመቱ ጨዋታውን መተዳደሪያው አደረገው። በ1944 ዓ.ም. የአገሩን የአርጀንቲናን ታላቅ ውድድር አሸነፈ፤ ይህንኑ ውድድር እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ ዘጠኝ ጊዜ አሸንፏል። በ1953 ዓ.ም. በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ ልዩ ልዩ መንግሥታት ኹለት ኹለት ተጫዋች የላኩበት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገ ጊዜ፣ ከአገሩ ሰው ከአንቶኒዮ ሴርዳ ጋራ ኾኖ ለአርጀንቲና ዋንጫውን አገኘ።

ልቡ የተመኘው ግን ሌላ ነበር። በእንግሊዞች ዘንድ ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረግ «ኦፕን» የሚባል ውድድር አለ፤ ከጎልፍ ውድድሮች ኹሉ ዕድሜ ጠገቡ እርሱ ነው። ዴ ቪሴንሶ ባሕር ተሻግሮ በ1948 ዓ.ም. ወደዚያ መጣና ሦስተኛ ኾነ። በ1949 ዓ.ም. ዳግመኛ ሦስተኛ ኾነ። በ1950 ዓ.ም. ኹለተኛ ኾኖ ደቡብ አፍሪካዊው ቦቢ ሎክ ቀደመው። በ1956፣ በ1960ና በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኛነት እንጂ አንደኛነት አልወጣለትም። ይህን ያህል ጊዜ ደጁ ድረስ ደርሶ የተመለሰ ሰው ዕድሌ አይደለም ብሎ ቢተወው ማንም ባልፈረደበት ነበር። እርሱ ግን አልተወውም።

በ1967 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በሊቨርፑል ከተማ አጠገብ ባለው በሆይሌክ ሜዳ ውድድሩ ሲደረግ ዴ ቪሴንሶ 44 ዓመት ሞልቶት ነበር። ያለፈው ዓመት አሸናፊ አሜሪካዊው ጃክ ኒክላውስ ገና የ27 ዓመት ጐልማሳ ነበር፤ በጕልበትም በዝናም በዚያ ዘመን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። በመጨረሻው ቀን ኒክላውስ ቀድሞ ጨርሶ በ280 ምት ሲጠብቅ ዴ ቪሴንሶ ገና በሜዳ ላይ ነበር። በ16ኛው ጕድጓድ ላይ ከፊቱ ኹለት መንገድ ቀረበለት፤ አንዱ ዙሮ የሚሔድ የማያሰጋ መንገድ ነው፤ ኹለተኛው ከጨዋታው ክልል ውጭ በተባለው መስክ ላይ ኳሱን አሻግሮ በቀጥታ ወደ ጕድጓዱ መላክ ነው። ኳሷ በመስኩ ላይ ብትወድቅ ቅጣት ያገኘዋል፤ ምናልባትም የኻያ ዓመት ምኞቱ በዚያው ይቀራል። እርሱ ግን አሻግሮ መታት፤ ኳሷም መስኩን አልፋ ከጕድጓዱ አጠገብ ካለው ለስላሳ ሣር ላይ ዐረፈች። ጨዋታውን በ278 ምት ጨረሰና በኹለት ምት ልዩነት አሸነፈ። ኦፕን ከተጀመረ ወዲህ በዚያ ዕድሜ ላይ ኾኖ ያሸነፈ ሰው ከ1867 ዓ.ም. በኋላ፣ ማለት ከመቶ ዓመት በፊት ካሸነፈው ከሽማግሌው ከቶም ሞሪስ ወዲህ፣ አልተገኘም ነበር። የሜዳው ተመልካችም የራሱ አገር ሰው ያሸነፈ ያህል ደስ ብሎት አጨበጨበለት።

የኦገስታ እሑድ

በአሜሪካ አገር በጆርጂያ ግዛት ኦገስታ በምትባል ከተማ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በጸደይ «ማስተርስ» የሚባል ውድድር ይደረጋል፤ ትርጓሜው የሊቆች ውድድር ማለት ነው። በ1968 ዓ.ም. የዚህ ውድድር መጨረሻ ቀን በሚያዝያ 14 ቀን እሑድ ዋለ፤ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። በእነርሱ ዘንድ ያ ቀን የትንሣኤ በዓል ነበር፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሆሳዕና እሑድ ነበር። ለዴ ቪሴንሶም የልደቱ ቀን ነበረ፤ 45 ዓመት ሞላው።

ጧት ሲነሡ ደቡብ አፍሪካዊው ጋሪ ፕሌየር በአንድ ምት ይመራ ነበር፤ ዴ ቪሴንሶ ከእርሱ በኹለት ምት ወደ ኋላ ነበር። ለመጀመሪያው ጕድጓድ የተመደበው አራት ምት ነው። ዴ ቪሴንሶ ግን በኹለተኛው ምት ከሩቅ የላካት ኳስ ተንከባልላ ከጕድጓዱ ገባች። ሕዝቡ በእልልታ ጮኸ። ኹለተኛውን ጕድጓድ ከተመደበው አንድ አሳንሶ በአራት፣ ሦስተኛውንም አንድ አሳንሶ በሦስት ጨረሰ። በሦስት ጕድጓድ ብቻ አራት ምት ማትረፉ ነው። ተመልካቹም የልደቱን መዝሙር ይዘምርለት ጀመር።

ከበስተ ኋላው የሚጫወተው አሜሪካዊው ቦብ ጎልቢም አልተኛም። በ13ኛውና በ14ኛው ጕድጓድ አንድ አንድ ምት አተረፈ፤ አምስት ምት የተመደበለትን 15ኛውን ጕድጓድ ደግሞ በሦስት ጨረሰው። ኹለቱ ሰዎች ሳይተያዩ፣ በሕዝቡ ጩኸት ብቻ አንዱ የሌላውን ሥራ እየሰማ ይሽቀዳደሙ ነበር።

ዴ ቪሴንሶ አራት ምት የተመደበለትን 17ኛውን ጕድጓድ በሦስት ጨረሰ። ይህን በሜዳው ዙሪያ የቆመው ሕዝብ አይቷል፤ በቴሌቪዥን የሚመለከተውም ብዙ ሚሊዮን ሰው አይቷል። በመጨረሻው በ18ኛው ጕድጓድ ግን ኳሷ ወደ ግራ ሸሸችበትና ከተመደበው አንድ አስበልጦ በአምስት ጨረሰ። የዕለቱ ምት ሲደመር 65፣ የአራቱ ቀን ድምር 277 ኾነ። ጎልቢም ጨዋታውን በ277 ጨረሰ። ኹለቱ እኩል ስለ ኾኑ በማግስቱ ሰኞ መለያ ጨዋታ ሊደረግ ነው ተብሎ በሜዳው ኹሉ ተወራ።

ሦስት የነበረው አራት ተጽፎ ተገኘ

የዴ ቪሴንሶን ምት ይጽፍ የነበረው አብሮት የተጫወተው አሜሪካዊው ቶሚ አሮን ነበር። ክፉ ዐስቦ ሳይኾን እጁ ስቶ፣ በ17ኛው ጕድጓድ አንጻር በሦስት ፈንታ አራት ጻፈ። በዚህም የዕለቱ ድምር 66 ኾነ። ዴ ቪሴንሶ ወረቀቱን በተቀበለ ጊዜ በ18ኛው ጕድጓድ ስለ ባከነችው ምት ልቡ እየተቃጠለ ነበር። ሕዝቡ ይጮኻል፤ የጋዜጣ ሰዎች ይጠሩታል። ቍጥሮቹን አንድ ባንድ ሳይመረምር ፈረመና ከጠረጴዛው ተነሥቶ ሔደ። ጥቂት ቈይቶ አሮን ወረቀቱን አይቶ ስሕተቱን ዐወቀና ተናገረ። ፈራሚው ግን ከስፍራው ተነሥቷል።

በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ እንዲህ ይላል። ተጫዋች ከመታው ያነሰ ቍጥር ተጽፎ ቢፈርምበት ከውድድሩ ይሰረዛል። ከመታው የበለጠ ቍጥር ተጽፎ ቢፈርምበት ግን አይሰረዝም፤ ነገር ግን የተጻፈው በላዩ ይጸናበታል። እንግዲህ ለዴ ቪሴንሶ 65 ሳይኾን 66፣ 277 ሳይኾን 278 ጸና ማለት ነው። መለያ ጨዋታ ቀረ፤ ጎልቢ በአንድ ምት አሸናፊ ኾነ።

የሕጉ አስፈጻሚዎች ነገሩ ከብዷቸው ወደ አንድ ሰው ሔዱ፤ ይኸውም ውድድሩን ከመሠረቱት አንዱ ቦቢ ጆንስ ነው። ጆንስ በዚያን ጊዜ በጽኑ ሕመም ምክንያት መራመድ ተስኖት በሜዳው አጠገብ ባለች ቤት ተቀምጦ ነበር። እርሱም ጨዋታውን ለገንዘብ ሳይኾን ለፍቅሩ ብቻ የተጫወተ፣ በ1930 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ የብሪታንያንና የአሜሪካን አራቱን ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈ፣ በሙያውም የሕግ ጠበቃ የነበረ ሰው ነው። መክረው ሲያበቁ ከሕጉ የሚያወጣ መንገድ አልተገኘም። የተፈረመው ጸና።

አንባቢ እዚህ ላይ ጆንስን ጨካኝ ነው እንዳይል አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባል። በ1925 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት በዎስተር ከተማ የአሜሪካ ታላቅ ውድድር ሲደረግ፣ ጆንስ በረዥም ሣር ውስጥ ያለች ኳሱን ሊመታ ዱላውን ሲያስጠጋ ኳሷ ጥቂት ተነቃነቀች። ይህን ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም። እርሱ ግን ኳሴ ተነቃንቃለችና አንድ ምት ቍጠሩብኝ አለ። ዳኞቹ ጠይቀው ምስክር ቢያጡ ፍርዱን ለራሱ ተዉለት፤ በራሱም ላይ ፈረደ። በውድድሩ መጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋራ እኩል ወጣ፤ ኹለት ጊዜ መለያ ጨዋታ ተጫውተው ጆንስ በአንድ ምት ተሸነፈ። በራሱ ላይ ያስቈጠራት ያች አንዲት ምት ባትኖር መለያ ጨዋታ ሳያስፈልገው ባሸነፈ ነበር። ሰዎች ስለ እውነተኛነቱ ባመሰገኑት ጊዜ፣ ይህማ ሰውን ባንክ ባለ መዝረፉ እንደ ማመስገን ነው በሚል ሐሳብ መለሰላቸው። እንግዲህ በ1968 ዓ.ም. ሕጉ ይጽና ያለው ያው ሕግ አስቀድሞ በራሱ ላይ የጸናበት ሰው ነው።

የዴ ቪሴንሶ መልስ

ብዙ ሰው ተቈጣ። ኹሉ በዓይኑ ያየው ሦስት ምት እንዴት አራት ይባላል? የታየው እውነት ይበልጣል ወይስ የተፈረመው ቃል? እያለ ይከራከር ነበር። ዴ ቪሴንሶ ይህን ቍጣ ለራሱ ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ጽሑፉ የሌላ ሰው ስሕተት ነው፤ ቋንቋው የእኔ ቋንቋ አይደለም፤ ጩኸቱ አደናገረኝ ሊል ይችል ነበር። ይህን አላለም። በጋዜጣ ሰዎች ፊት ተቀምጦ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጥፋቱን በራሱ ላይ ብቻ አደረገ፤ ሞኝነቱንም ራሱ ተናገረ። አሮንን አልወቀሰም። ጎልቢንም አመሰገነ፤ እርሱ አስጨንቆኝ ልቤን ስላጠፋሁ ነው አለ። ለአሸናፊው 20,000 ዶላር፣ ለኹለተኛው 15,000 ዶላር ነበር የሚሰጠው። የገንዘቡስ ልዩነት ይታገሡታል፤ ዳግመኛ ያላገኘው ግን የማስተርስ አሸናፊ የሚለብሰውን አረንጓዴ ካፖርት ነው።

በአገራችን አንድ ሰው በጠብ መካከል «በሕግ አምላክ!» ሲባል እጁን ይሰበስባል፤ የሸሸም ይቆማል። ያስቆመው ጕልበት አይደለም፤ የሕግ ክብር ነው። ዴ ቪሴንሶም በዚያች ቀን በሕግ አምላክ እንደ ተባለ ሰው ቆመ።

በዚህ ታሪክ የተጐዳ ሌላም ሰው አለ፤ እርሱም አሸናፊው ቦብ ጎልቢ ነው። ጎልቢ በመጨረሻው ቀን 66 ምት ብቻ መትቶ በሜዳው ላይ የሚገባውን ኹሉ ፈጽሟል። ወረቀቱን የጻፈ እርሱ አይደለም፤ የፈረመ እርሱ አይደለም፤ የፈረደም እርሱ አይደለም። ኾኖም ድሉን እንደ ሰረቀ አድርገው የስድብ ደብዳቤ የጻፉለት ሰዎች ነበሩ። በ2022 ዓ.ም. በ92 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ስሙ ሲነሣ ቀድሞ የሚነሣው የሌላው ሰው ስሕተት ነበር። በሕግ ያገኘውን ሰው በወሬ መንጠቅም እንደ ሌላው ዐመፅ ኹሉ ዐመፅ ነው።

ቶሚ አሮን ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1973 ዓ.ም. ይህንኑ የማስተርስን ውድድር ራሱ አሸነፈ። በመጨረሻው ቀን የእርሱን ምት ይጽፍ የነበረው ጆኒ ሚለር በ13ኛው ጕድጓድ አንጻር በአራት ፈንታ አምስት ጽፎበት ነበር። አሮን ግን ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን አንድ ባንድ መርምሮ ስሕተቱን አገኘና አሳረመ። በሰው ላይ የደረሰው ትምህርት ኾኖት ኖሯል።

ዴ ቪሴንሶስ ምን ኾነ? ልቡ ተሰብሮ ቤቱ አልገባም። ከዚያ ወዲያ ገና ወር ሳይሞላ በዚያው በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ የተደረገውን ውድድር አሸነፈ። በ1970 ዓ.ም. የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በጨዋታ ጨዋነት ለታወቀ ሰው የሚሰጠውን ሽልማት ሰጠው፤ ሽልማቱም የሚጠራው በዚያው ሕጉ ይጽና ባለው በቦቢ ጆንስ ስም ነው። በ1980 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገውን የአሜሪካ የአንጋፋዎች ታላቅ ውድድር በ57 ዓመቱ አሸነፈ። በ1989 ዓ.ም. ስሙ በዓለም የጎልፍ ታላላቆች መዝገብ ገባ። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን፣ የ94 ዓመት ሽማግሌ ኾኖ፣ በወጣትነቱ በተማረባት በራኔላግ ዐረፈ።

ስለ ሕጉና ስለ እኛ ቤት

ሕጉ ትክክል ነበርን? የሚለውን ጥያቄ ሳንመልስ ብንተወው አንባብያን ያዝኑብናል። ሕጉ ጽኑ እንደ ነበረ አይካድም። ዳርዮስ ንጉሥ ዳንኤልን ይወደው እንደ ነበር፣ ነገር ግን ራሱ ያተመበትን ዐዋጅ ሊሽር እንዳልተቻለው በመጽሐፍ ተነግሯል። ጲላጦስም ከመስቀሉ በላይ ያጻፈውን ጽሕፈት እንዲለውጥ ቢለምኑት እምቢ እንዳለ የሰሙነ ሕማማት ንባብ በየዓመቱ ያስታውሰናል። አንዱ ጽሑፍ ደጉን ሰው ለአንበሳ ሰጠ፤ ኹለተኛው ጽሑፍ ጻፊው ሳያውቀው እውነትን መሰከረ። ጽሑፍ እንዲህ ነው፤ ለወደዱት ብቻ አያደላም።

መዝገብ በሚጻፍበት በፍርድ ቤት ያለ ሰው ኹሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ዛሬ ለቅን ሰው በርኅራኄ የተፋቀ መዝገብ ነገ ለዐመፀኛ በመማለጃ ይፋቃል። ስለ ዴ ቪሴንሶ እውነቱን ኹሉ አይቶታል፤ ነገር ግን በሌላ ቀን፣ ማንም ባላየበት ጕድጓድ ላይ፣ ምቴ ሦስት ነበረ የሚል ሰው ቢመጣ በምን ይፈረድበታል? ፊርማው ለታየውም ላልታየውም አንድ ዓይነት ካልጸና ለማንም አይጸናም። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባሉት የዕርቅ ሽማግሎች በደም የተፈላለጉትን ሲያስታርቁ ነገሩ ካለቀና ቃል ከተሰጠ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ነውር የሚኾነው ስለዚህ ነው። አንዱ ቃል ቢፈርስ ዕርቅ ኹሉ ይፈርሳልና።

ነገር ግን ሕግ እንዲህ ጽኑ ከኾነ ፈራሚው እጅግ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ሹም የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ፣ ጸሓፊውን አምኖ ብቻ፣ ሲሔድ እግረ መንገዱን ይፈርማል። ባለ ርስት የመሬቱን ውል ሳያስነብብ የጣት አሻራውን ያኖራል። መበለት የባሏን ውርስ ወረቀት ኀዘን ላይ ሳለች ትፈርማለች። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ሙግት ይኾናል። የጻፈው ሰው ክፉ ባይኾን እንኳ እጅ ይስታል፤ ቶሚ አሮን ክፉ አልነበረምና። ፈራሚው ደግሞ የሚስተው ልቡ በሌላ ነገር በተያዘበት ሰዓት ነው፤ ሲቈጣ፣ ሲያዝን፣ ሲቸኩል፣ ሰው ሲያጨበጭብለት። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሰዓት ብዕር ከማንሣት መቀመጥ ይሻላል፤ ከፊርማ በፊት ያለች ትንሽ ጊዜ ከፊርማ በኋላ ካለ ብዙ ዘመን ትበልጣለች።

አባቶችና እናቶችም ይህን ታሪክ ለልጆቻቸው ቢነግሩ መልካም ነው። ለመንገርም የሚመቸው ጊዜ ልጁ በገና ወይም በገበጣ ተሸንፎ ሲያኰርፍ ነው። አታለለኝ፣ ዳኛው አደላብኝ፣ ፀሓዩ ዓይኔን ወጋኝ ሲል፣ አንድ ሰው ዓለም ኹሉ እየመሰከረለት ጥፋቱ የራሴ ነው ብሎ እንደ ተቀመጠና እንደ ተከበረ ንገሩት። ለሴቱም ለወንዱም ልጅ ፊደል ስታስቈጥሩ ማንበብን ለመጽሐፍና ለጸሎት ብቻ ሳይኾን ስሙን ወይም ስሟን ለሚያኖሩበት ወረቀትም አስተምሯቸው። ልጅ የጻፈውን ፊደል ዳግመኛ አንብቦ የማስረከብን ልማድ ከቤቱ ይዞ የወጣ እንደ ኾነ፣ አድጎ ዳኛም ቢኾን፣ ሹምም ቢኾን፣ ገበሬም ቢኾን ይጠቅመዋል።

አንብቦ መፈረም የአስተዋይ ነው፤ ከፈረሙ በኋላ በቃል መገኘት ደግሞ የጨዋ ነው። ዴ ቪሴንሶ በዚያች እሑድ የመጀመሪያው ቢጐድልበት በኹለተኛው ተገኝቷል። ለልጆቻችን ኹለቱንም አንድ ላይ ይስጥልን።